ድምፆቹ ጸጥ ካሉ በኋላ

ስኪዞፍሬንያ የያዘው ሰው መድኃኒቱ ሲስማማው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመለሰው እንቅልፉ ነው። እያደር ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይርቃል፣ ጥርጣሬው ይረግባል፣ ምግብ ይጠይቃል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነልን» ይላል፤ ሐኪሙም መሻሻሉን ካርዱ ላይ ጽፎ ለሚቀጥለው ወር ይቀጥረዋል። ሰውየው ግን ከቤት አይወጣም። ለቅሶ ሲኖር «እናንተ ሂዱ» ይላል። ለእህቱ ሽማግሌ በሚመጣ ቀን ማንም ሳይነግረው አጎቱ ቤት ሄዶ ያድራል። ታክሲ ውስጥ ማንም የመድኃኒቱን ስም እንዳያነብበት ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥቶ በወረቀት ይጠቀልለዋል። ለዚህኛው መርፌ የለም።

ባለሙያዎች ራስን ማግለል የሚሉት ይህን ነው፤ ሰፈሩ ስለ «እብድ» የሚያምነውን ታማሚው ራሱ አምኖ በራሱ ላይ ሲፈርድ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፓትሪክ ኮሪጋን እንደሚያስረዳው ሰው በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ የሚባለውን ያውቃል፣ ከዚያ ይስማማበታል፣ ወደ ራሱም ያዞረዋል። በመጨረሻ «ምን አለፋኝ?» ብሎ ሥራ መፈለጉንም ትዳር ማሰቡንም ይተዋል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው እንደ ማንኛችንም አድጓል፤ በሰፈሩ ጨርቁን ጥሎ የሚዞረውን ሰው ከእኩዮቹ ጋር ተከትሎ ስቋል፣ ምናልባትም ጠጠር ወርውሯል። የራሱን ምርመራ ውጤት የሚሰማው ያኔ ስለዚያ ሰው ያመነውን ሁሉ ይዞ ነው።

በአማኑኤል ሆስፒታል በ212 የስኪዞፍሬንያ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ነገሩ የጥቂቶች እንዳልሆነ ያሳያል። 97.4 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት የመገለል ስሜት እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ በ46.7 በመቶው ላይ ስሜቱ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ነበር። ከገጠር በመጡትና ባላገቡት ላይ ይበረታል። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ግን ሕክምና ካቋረጡት ግማሽ ያህሉ ያቋረጡት በመገለል ስሜት ምክንያት እንደሆነ መናገራቸው ነው። መድኃኒት ተቋረጠ ሲባል ጣታችንን የምንቀስረው ወደ መድኃኒት እጥረት፣ ወደ መጓጓዣ ወጪ ወይም ወደ ጸበል ነውና።

እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በአእምሮ ሕክምና ታማሚው «አሞኛል» ብሎ መቀበሉ እንደ ትልቅ እርምጃ ይቆጠራል፤ መድኃኒቱን በፈቃዱ ይወስዳልና። ሆኖም ተመራማሪው ፖል ላይሴከር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ሕመማቸውን ተረድተው ስለ ሕመሙ የሚባለውንም ክፉ ነገር አብረው የተቀበሉ ታካሚዎች ተስፋቸውም ለራሳቸው ያላቸው ግምትም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የበሽታውን ስም ነግሮ «መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ» ብሎ መሸኘት ግማሽ ሥራ ነው። (ሐኪሙን አልወቅስም፤ ከበሩ ውጭ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ይፈርድለታል።) ላይሴከር፣ ፊሊፕ ያኖስና የሃይፋ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሮ በኋላ ላይ ታካሚዎች በቡድን ተቀምጠው ስለ ራሳቸው ያመኑትን የሚፈትሹበትና የሕይወት ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት የሚተርኩበት ሕክምና አዘጋጅተዋል።

የእኛ አገር መነሻ ከዚህ ይርቃል። በቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ባዳረሰ ጥናት ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው መካከል ከዚያ በፊት ለሕመሙ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። እዚያው በተደረገ የ10 ዓመት ክትትል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ ታውቋል፤ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። ሁሉንም በራስ ማግለል አላሳብብም፤ ድህነቱም የጤና ጣቢያው ርቀትም አለ። ነገር ግን «እኔ ምን ልረባ» የሚል ሰው ሳል ሲበረታበት ለመታከም አይጣደፍም።

ከቡታጅራ ብዙም በማይርቀው በሶዶ ወረዳ የተሞከረው ነው ልብ የሚያሞቀው። የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ለ12 ወራት ታማሚዎችን በየቤታቸው ጎበኙ። ሥራቸው ስብከት አልነበረም። ለወራት ከጓዳ ያልወጣ ሰው ገላውን እንዲታጠብ ያበረታታሉ፣ ከቤተሰቡ ጋር ስለ መድኃኒቱ ይነጋገራሉ፣ ወደ ገበያና ወደ እርሻ ሥራው እንዲመለስ ያግዙታል፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎችም ያወያያሉ። 166 ታማሚዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ይህ ሙከራ እንዳሳየው፣ ከጤና ጣቢያ ሕክምና በተጨማሪ እነዚህ ጉብኝቶች የተደረጉላቸው ሰዎች በዓመቱ መጨረሻ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን ለመምራት የሚገጥማቸው ችግር ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ቀንሷል። ማገገም ከመድኃኒት መላቀቅ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን ክኒኑን እየዋጠ በሬውን ጠምዶ የሚያርስ ሰው አገግሟል።

እኔ በፖስተርና በአንድ ቀን የግንዛቤ መድረክ ብዙም አላምንም። ሰው በራሱ ላይ የፈረደውን የሚያነሳው የሚጠበቅበት ሥራ ሲኖረው ይመስለኛል። ስለዚህ ለእድር ዳኞች አንድ ልመና አለኝ፤ ታሞ የተሻለውን አባል ስም ከድንኳን ተካዮች ተራ አትሰርዙት። ቢቀር እንደማንም አባል ጠይቁት፣ ቅጣቱንም አስከፍሉት። በክትትል ቀን ካርድ የምትሞሉ ባለሙያዎችም ስለ እንቅልፉና ስለ ድምፁ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ በዚህ ወር የት የት ሄዱ?