ሳንባ በአልትራሳውንድ ሲታይ

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙ ሰው ነፍሰ ጡርንና ፅንስን ያስባል እንጂ ሳንባን አያስብም። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ዘመን አላሰቡትም። ምክንያት ነበራቸው፤ መሣሪያው የሚልከው፣ ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ በሥጋና በውሃ ውስጥ በደንብ ይጓዛል፤ አየር ሲያጋጥመው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ መጣበት ይመለሳል። ጤነኛ ሳንባ ደግሞ አየር የሞላው ነው።

ዳንኤል ሊክተንስታይን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ግን ይህን ብሎ አላለፈውም። ከፓሪስ አጠገብ ቡሎኝ ቢያንኩር በሚገኘው የአምብሯዝ ፓሬ ሆስፒታል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ፕሮቡን፣ ማለትም ሞገዱን የሚልከውንና የሚቀበለውን የመሣሪያውን ክፍል፣ በሕመምተኞች ደረት ላይ እያሳረፈ ለዓመታት አጠና። ሌሎች የምስል ብልሽት ነው ብለው የሚተዉትን መስመር እሱ ምልክት አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት 260 ትንፋሽ ያጠራቸው ሕመምተኞች ተመርምረው፣ በዚህ ዘዴ የተገኘው ውጤት በ90.5 በመቶዎቹ ላይ ከመጨረሻው የሕመም መለያ ጋር ገጥሟል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳንባው አየር ከያዘ ድምፁ በሳንባው ሽፋንና በፕሮቡ መካከል እንደ ገደል ማሚቶ ይመላለሳል፤ ስክሪኑ ላይ እኩል የተራራቁ አግድም መስመሮች ይደረደራሉ። ኤ መስመሮች ይባላሉ። ሳንባው ፈሳሽ ሲቋጥር ወይም ሲቆጣ ግን ከሽፋኑ ተነስተው እስከ ስክሪኑ ግርጌ የሚወርዱ ደማቅ ጨረሮች ይመጣሉ። እነዚህ ቢ መስመሮች ከትንፋሽ ጋር አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ኤ መስመሮችንም ያጠፋሉ። በሁለት ጎድን አጥንቶች መካከል ሦስትና ከዚያ በላይ ከታዩ ሳንባው ታሟል ማለት ነው።

ቫይረስ ያመጣው ሕመም የራሱ መልክ አለው። ቢ መስመሮቹ በሁለቱም ሳንባዎች ላይ ተበታትነው፣ በመካከላቸው ጤነኛ ስፍራ እየተዉ ይታያሉ፤ የሳንባው ሽፋን ይወፍራል፣ ይሸረካከታል፣ ከሥሩም አየር ያጡ ጥቃቅን ቦታዎች ይኖራሉ። በባክቴሪያ የሚመጣው የሳንባ ምች ብዙውን ጊዜ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ የተያዘው ክፍል አየሩን አጥቶ በስክሪኑ ላይ ጉበት ይመስላል።

ኮቪድ-19 ለዘዴው ትልቁ ፈተና ነበር። ሕመሙ በአብዛኛው የሳንባውን ዳርቻ፣ ማለትም ድምፁ በቀላሉ የሚደርስበትን ቦታ ስለሚያጠቃ መሣሪያው ተስማማው። በዚያ ላይ ተላላፊ ሕመምተኛን ሲቲ ስካን ድረስ መውሰድ መንገዱንና ክፍሉን ሁሉ ማጋለጥ ነበር። በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) በሮም የጄሜሊ ሆስፒታል ሐኪሞች ገመድ አልባ ፕሮብና ታብሌት በየፕላስቲክ ሽፋናቸው ከተው ወደ ሕመምተኛው ገቡ፤ አንዱ ፕሮቡን ሲያሳርፍ ሌላው ሕመምተኛውን ሳይነካ ታብሌቱን ይዞ ምስሉን ይከታተላል። ሙሉ የመከላከያ ልብስ ለብሶ በጆሮ የሚያዳምጡበትን መሣሪያ መጠቀም እንዴት እንደሚያስቸግር ላሰበ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጣሊያናውያን ሐኪሞችም ደረትን በ14 ቦታ ከፍለው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ የሚሰጡበትን መለኪያ አቀረቡ፤ ሕመምተኛው ተሽሎት ይሁን ብሶበት በነጥቡ ይከታተሉታል።

ይህን ሁሉ ብለንም ገደቡን መሸፈን አይገባም። አልትራሳውንድ የቫይረሱን ስም አይናገርም፤ ያንን የሚለየው ፒሲአርን የመሰለ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ልብ ደክሞ ሳንባ ውሃ ሲቋጥርም ቢ መስመሮች ይመጣሉ። ከሽፋኑ ርቆ በሳንባው ውስጥ የተደበቀ ጉዳት ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ ሐኪሙ የትኩሳቱን፣ የሳሉንና የኦክስጅኑን ልክ ሳያገናዝብ ምስሉን ብቻ ይዞ ቢፈርድ ይሳሳታል።

አልትራሳውንድ እንደ ራጅ ጨረር ስለሌለው ግን ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ደጋግሞ ቢደረግ አያሰጋም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 (እ.ኤ.አ.) ብቻ የሳንባ ምች ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ700 ሺህ በላይ ሕፃናትን ገድሏል። ዛሬ ስልክ ላይ የሚሰካ፣ ኪስ የሚገባ ፕሮብ አለ። ራጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ ጠቃሚ የሚሆነው ግን ከመሣሪያው ጋር ሥልጠናውም አብሮ ሲደርስ ነው፤ ኤ እና ቢ መስመሮችን መለየት፣ ፕሮቡን በየጎድኑ መካከል ማሳረፍ፣ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሲያልፉም በሚገባ ማጽዳት።