ያውቁ ኖሯል? እንጦጦ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

ከመገናኛ ተነስተው ወደ እንጦጦ ሲወጡ የሚለወጠው ብርዱ ብቻ አይደለም። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው የየካ ሰፈሮች በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ90። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው።

ባቄላውና ሽምብራው እሳት ላይ ውሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። እሳቱን ቢያጋግሉት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። የሚባክነው ማገዶ ብቻ ነው፤ ያ ማገዶ ደግሞ የእንጦጦ እናቶች ወገባቸውን አጉብጠው ቁልቁል የሚያወርዱት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው በብዙ ቤቶች የገባው ፕሬዠር ኩከር ነው። ክዳኑ ዙሪያውን ባለው ጎማ ግጥም ብሎ ይዘጋና እንፋሎቱን ያፍነዋል፤ ግፊቱ ይጨምራል፣ ውሃውም ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፒን በ1679 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል። ለእኛ ለደገኞች ግን ከማንም በላይ የሚጠቅም ዕቃ ይመስለኛል።

ድስቱ ማፏጨት ሲጀምር እሳቱን ይቀንሱ። ጥራጥሬ አረፋ ስለሚያወጣ ከግማሽ በላይ አይሙሉት። የእንፋሎት መውጫዋ ቀዳዳ አለመደፈኗን ሁልጊዜ ይዩ፤ እንፋሎቱ ጨርሶ ሳይወጣም ክዳኑን በግድ አይክፈቱ።