ቀኝ እጄን ያስተማሩኝ

ጊታር የያዘ ሰው «የማን ተከታይ ነህ?» መባሉ አይቀርም። እኔም በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ሠርግ ስለምጫወት ይህ ጥያቄ ከድንኳን ድንኳን ይከተለኛል። ጠያቂዎቹ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ጂሚ ሄንድሪክስን ወይም ካርሎስ ሳንታናን እንድጠራላቸው ይጠብቃሉ። ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ጣቶቼን የገሩት ግን ሌሎች ናቸው። ከሁሉ በፊት የምጠራው ሰላም ስዩምን ነው።

ስሙን ስነግራቸው የሚያመነቱ አሉ። ጊታሩን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ግን ይቸግራል። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ነበር፤ ያ ሥራ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ በሸክላ ታትሞ ዘመናዊ ሙዚቃችንን ለአውሮፓ ጆሮ ካስተዋወቁት አንዱ ሆነ። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ላይ የሚታየው የዘፋኙ ፎቶ ነው፤ አጃቢዎቹ ብዙ ጊዜ «ሮሃ ባንድ» በሚል አንድ መስመር ይጠቃለላሉ። ስለዚህ እንደ ብዙው ሰው እኔም ጨዋታውን የወደድኩት ስሙን ሳላውቅ ነው።

ከእሱ የወሰድኩትን ነገር ለማስረዳት ስለ ቅኝት ትንሽ ማውራት ግድ ይለኛል። ትዝታ በሜጀር ሲቃኝ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። አምባሰል ላይ ሚ ወጥቶ ፋ ይገባል፤ ሬና ላ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። አንቺ ሆዬ ደግሞ ከዚህም ይጠማዘዛል፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። አሁን ከመጽሐፍ ወይም ከስልክ ጊታር የተማረ ልጅ መጀመሪያ የሚያውቃትን ኮርድ እንያት፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ናት። ትዝታ ላይ ታምራለች። አምባሰል ላይ ሚ ባዕድ ነው። አንቺ ሆዬ ላይ ሚም ሶልም የቅኝቱ አይደሉም፤ ልጁ ስድስቱንም ክሮች ጠርጎ በመታ ቁጥር ዘፋኟን ከቅኝቷ ይገፋታል። አምባሰል የሚባለው የወሎ አገርም ከእኛ በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ነው፤ ሙሽሪት ወይም ሙሽራው ከወሎ በሆኑበት ሠርግ እንዲህ ያለ ስህተት ወዲያው ይታወቃል።

ሰላም ስዩም ይህን ጣጣ የፈታበት መንገድ ነው እኔን የማረከኝ። ሙሉ ኮርድ አያበዛም። ከቅኝቱ ሁለት ሦስት ድምፅ መርጦ አጭር ሐረግ ይሠራል፤ ክሩን በመዳፉ ጠርዝ አፍኖ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ሐረጉን ሳይሰለች ይደጋግመዋል። የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር ከሥር ሲመላለስ፣ ጊታሩ ቤዙ በተወለት ክፍተት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1976 አይቤክስ ያለ ዘፋኝ የቀረጸው የመሣሪያ ሙዚቃ አለ፤ ይህ የቤዝና የጊታር ንግግር እዚያ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሰላም ስዩም የሠራው በእጁ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጀው በዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥና እድገት ላይ ነው። የሚጫወተውን ነገር ታሪክ የጻፈ ጊታሪስት የትም አገር ብዙ አይገኝም።

ከሰላም ስዩም በፊት ግን ሌላ አስተማሪ ነበሩኝ፤ ከአንኮበር መጥተው ጎረቤታችን የሆኑ፣ ጊታር በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ክራር ደርዳሪ። ክራርን በግርፍ ሲጫወቱ ቀኝ እጃቸው ክሮቹን በሙሉ ይመታል፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ክሮች ከኋላ ነክተው ዝም ያሰኛሉ። የሚሰማው ያልተነካው ክር ብቻ ነው። «አንተ ልጅ፣ መምታቱንማ ማንም ይመታል፤ ዝም ማሰኘቱን ተማር» ይሉኝ ነበር። ኋላ የሮሃን ካሴቶች በጥሞና ሳዳምጥ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጊታር ላይ አፋኙ ቀኝ እጅ መሆኑ ነው። የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬም ባለ አንድ ክር ባህላዊ መሣሪያ ሲጫወት አድጎ ያንኑ አመታት ወደ ጊታር አሻገረ፤ ከራይ ኩደር ጋር በ1994 ያወጣው አልበም ግራሚ ተሸልሟል። ፈረንጆቹ ብሉዝ ይሉታል፤ እኔ ግን ስሰማው የጎረቤታችን ክራር ትዝ ይለኛል።

ሌሎችም አሉ። በሙላቱ አስታጥቄ የድሮ ቅጂዎች ላይ የተጫወቱት ተክሌ አድሃኖምና አንድሩ ዊልሰን ጊታር በኤሌክትሪክ ሲጮህም ከቅኝቱ ሳይወጣ መቆየት እንደሚችል አሳይተውኛል። በእግር የሚረገጠውን ዋዋ ፔዳል ብዙ ሰው ለጌጥ ይረግጠዋል፤ እነሱ ዜማውን ያናግሩበታል። ከግሩም መዝሙር ደግሞ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መጫወትን ወሰድኩ። አዲስ አኩስቲክ በተባለው ቡድኑ ውስጥ የአንጋፋውን የአየለ ማሞን ማንዶሊን አስቀድሞ፣ የድሮ ዜማዎችን ያለ ጩኸት መልሶ አምጥቷቸዋል።

አገሬም ያስተማረችኝ አለ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች፤ የጥር ሌሊት ብርዷን ድንኳን አያቆመውም። የብረት ክር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ይወጠራል፣ ድምፁም ሽቅብ ይወጣል፤ ዳንኪራው ደምቆ ድንኳኑ ሲሞቅ ደግሞ ይረግባል። ስድስቱን ክሮች በአንድ ላይ የሚመታ ሰው የተዛባውን ሁሉ ለታዳሚ ያሰማል። ሁለት ክር መርጦ የሚጫወት ግን የሚያስተካክለው ሁለት ክር ነው። ሰው ይህን እንደ ብልሃት ሊያየው ይችላል፤ ለእኔ ዋናው የአጨዋወት ስልቴ ሆኗል።

ጊታር ለምትጀምሩ ልጆች የምለው ይህን ነው። የሄንድሪክስን ሶሎ ከማሳደዳችሁ በፊት «ኧረ መላ መላ»ን ክፈቱ። ማሕሙድን ለጊዜው ተዉትና ከኋላው ያለውን ጊታር ብቻ ተከተሉ፤ የት እንደሚመታ ሳይሆን የት ዝም እንደሚል ቁጠሩ።