አራስ ቤት የሌላት እናት

ታኅሣሥ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ የተወለደች አንዲት ሕፃን ገና በስድስት ወሯ የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነች። ዛሬ ዛሃራ ጆሊ ተብላ የምትታወቀው ናት። ተዋናይዋ አንጀሊና ጆሊ በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ በጉዲፈቻ ስትወስዳት ካሜራው ሁሉ የተከተለው ዝነኛዋን ነበር። ሕፃኗ ግን ታማ ነበር። ኒውዮርክ እንደደረሱ ሰውነቷ ውሃ አጥቶ፣ በምግብ እጥረት ተጎድታ፣ ሳልሞኔላ የሚባለው ተህዋስ አጥቅቷት ሆስፒታል ገባች። አሳዳጊ እናቷ ከዓመት በኋላ ለሲኤንኤን እንደተናገረችው ያኔ ክብደቷ ዘጠኝ ፓውንድ ማለትም አራት ኪሎ ገደማ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ቆዳዋም ሲቆነጠጥ እዚያው ተጣብቆ ይቀር ነበር። እናትና ልጅ የተዋወቁት እንግዲህ የሆስፒታል አልጋ ላይ ነው።

ስለ ጉዲፈቻ ባወራን ቁጥር ይህን ክፍል እንዘለዋለን። ፍርድ ቤቱ አጸደቀ፣ ልጁ ቤት ገባ፣ ፎቶ ተነሡ ብለን እናልፋለን። ከፎቶው በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ልጁ በሽተኛ ሲሆን፣ የጉዲፈቻው ዕጣ የሚወሰንባቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። አገራችን ስለ ጉዲፈቻ ሃያ ዓመት ስትከራከር ለእነዚህ ሳምንታት ቦታ አልሰጠችም።

ክርክሩ ያለ ምክንያት አልተነሣም። ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወርደው መንገድ ላይ በእነዚያ ዓመታት ሐበሻ ሕፃን ያቀፉ ፈረንጅ ባልና ሚስት ማየት ብርቅ አልነበረም። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሲዳማ ብዙ ልጆች በጉዲፈቻ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሄዱት ከ4,000 በላይ ነበሩ፤ ከ2,500 በላይ የሚሆኑትን የወሰደችው አሜሪካ ናት። በመካከሉ ሐሰተኛ ሰነድ፣ ደላላና ገንዘብ ገባ። መጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን የፋይል ብዛት ወደ አምስት አወረደው። ሁለት ወር ቆይቶ ሐና አለሙ የተባለች ኢትዮጵያዊት ታዳጊ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በአሳዳጊዎቿ ቤት ጓሮ በብርድና በረሃብ ሞተች። በዚያው ቤት በጉዲፈቻ የመጣ መስማት የተሳነው ኢትዮጵያዊ ልጅም ሲሰቃይ ነበር። አሳዳጊዎቹ በ2005 ዓ.ም. ማብቂያ ጥፋተኛ ተባሉ። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ዘጋ።

ወደ ታመመችው ሕፃን እንመለስ፤ የሰነዱ ውሸት እስከ ሐኪሙ ጠረጴዛ ድረስ ይዘልቃልና። የሐዋሳዋ ሕፃን እናቷ በኤድስ ሞታለች ተብሎ ነበር የተሰጠችው። በ2000 ዓ.ም. ሮይተርስ እናትየዋን በሕይወት አግኝቶ አነጋገራት። ልጄን መልሱልኝ አላለችም፤ ልጇ ዕድለኛ እንደሆነች ነው የተናገረችው። ወላጆቹ ሞተዋል ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ግን ከእናቱ ጋር የሕመም ታሪኩም አብሮ ይቀበርበታል። ስንት ኪሎ ተወለደ? ጡት ጠብቷል? ምን ክትባት ወሰደ? ቤት ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው ነበረ? ሐኪሙ ለእነዚህ ሁሉ መልስ የለውም። ኤችአይቪን ውሰዱ። የእናት ፀረ እንግዳ አካል በሕፃኑ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ድረስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በተለመደው ምርመራ “ፖዘቲቭ” የተባለ ጨቅላ ቫይረሱ ጨርሶ ላይኖርበት ይችላል፤ ለማረጋገጥ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ፣ ከስድስት ሳምንት ጀምሮ የሚሠራ ሌላ ምርመራ አለ። ይህን ሳያውቁ “በሽተኛ ነው” ብለው ልጅ የሸሹ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ቫይረሱ ያለበትም ቢሆን መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ አድጎ፣ ተምሮ፣ ጎጆ ይወጣል። የቀድሞው ሽሮፕ መራራ ስለነበረ ሕፃናቱ ይተፉት ነበር፤ አሁን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ የእንጆሪ ጣዕም ያለው ክኒን መጥቷል።

የውጭው በር ከተዘጋ ወዲህ ጉዳዩ የራሳችን ሆኗል። ልጅ ፈልጎ የሚመጣ አብዛኛው ቤተሰብ የሚጠይቀው ጤነኛ ጨቅላ ነው። ልቡ የሚያደክመው፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀው፣ እግሩ የተጣመመው፣ ራሱ ውስጥ ውሃ የቋጠረው ልጅ ማሳደጊያው ውስጥ ይቀራል። ግማሾቹ ችግሮች እዚሁ አገር ይታከማሉ። የተጣመመ እግር በጊዜ ከተጀመረ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ይቃናል። የተሰነጠቀ ከንፈር ይሰፋል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የለፉበት የልብ ማዕከልም የሕፃናት ልብ ያክማል። ግን ጀሶውን በየሳምንቱ የሚያስቀይር፣ ወረፋውን የሚጠብቅ፣ ሌሊት የሚነሣ ሰው ያስፈልጋል፤ ማሳደጊያ ውስጥ የሌለውም እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ ለቤተሰቡ የተሰጠበትን ሳምንት ቀረብ ብለን እንየው። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳና ተጨማሪ ሕመም ያለበት ሕፃን መጀመሪያ ሆስፒታል ተኝቶ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባል ወተት ነው፤ መቶ ሚሊ ሊትሩ 75 ካሎሪ ብቻ ይይዛል። በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ከዚህ በላይ ማብላት ሊገድል ይችላል፤ ረሃብ የለመደ አካል ምግብ በድንገት ሲጫንበት ልቡ አይችልም። ሕፃኑ ሲሻለው ወደ ኤፍ 100 ወተት ወይም ፕላምፒ ነት ወደሚባለው የለውዝ ምግብ ይሸጋገራል። ወደ ቤት የሚመለሰውም በፓኬት የተሰጠውን ፕላምፒ ነት በራሱ ፍላጎት መብላት ሲችል ነው። ሕክምናውን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያወጣውን አሠራር ቀደም ብለው ከሞከሩት ቦታዎች አንዱ በ1993 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ ደቡብ፣ ሐዲያ ውስጥ እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በዚህ መካከል ጎረቤት ልትጠይቅ ሆስፒታል ትመጣለች። “ኧረ ልጄ፣ አጥግቢው እንጂ! አጥንቱ ብቻ እኮ ነው!” ትላለች በቅንነት። እናትየዋ በአንድ በኩል ሲስተሯ የለካችላትን ሲሪንጅ ይዛለች፤ በሌላ በኩል ጎረቤቷ “ይህቺ እናት አትባልም” ብላ እንዳትሄድ ትሳቀቃለች። ልጁ ደግሞ አያለቅስም። ብዙ ሰው “ጨዋ ልጅ ነው” ይላል። ማሳደጊያ ውስጥ የቆየ ሕፃን ዝም የሚለው ሲያለቅስ የሚመጣለት ሰው ስላልነበረ ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሌሊት እሪ ብሎ ሲጮህ ቤተሰቡ ይደነግጣል። የተሻለው ያኔ ነው፤ የሚመጣለት ሰው እንዳለ አውቋል ማለት ነው።

በሽተኛ ልጅ ላይ ሌላም ፈተና አለ፤ የምታቅፈው እጅ የምታሳምመውም እጅ ናት። መድኃኒት የምታጠጣው፣ ቁስል የምታጥበው፣ መርፌ ሲወጋ የምትይዘው እሷ ናት። ልጁ ፊቱን ሲያዞርባት “አልወደደኝም” ትላለች። በቂ ጊዜ ካገኘች ይህ ያልፋል። ከመርፌው በኋላ እሷው ታቅፈዋለች፣ እሷው ታባብለዋለች፣ እሷው ታበላዋለች፤ ቀኑ ሲደጋገም ልጁ ሕመሙን ከመርፌው፣ ማባበሉን ከእሷ ጋር ያያይዛል። ሞግዚቷ ዛሬ፣ አክስት ነገ፣ ሠራተኛዋ ከነገ ወዲያ ከሆኑ ግን ሁሉም እጅ ያው የሚያሳምም እጅ ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እናትና አባት ብቻ ያቅፉት፣ ያብሉት፣ ያስተኙት የሚባለው ለዚህ ነው። የወለድነውን ልጅ እንኳ ለጎረቤት ማቀፍ ለለመድነው ለእኛ ይህ ይከብዳል።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የተማርነው ከሩቅ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስወርዝ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የእናትና ልጅ ትስስርን በቅርብ እያየች ያጠናችው ዩጋንዳ፣ ካምፓላ አካባቢ ነው። ጥቁር አንበሳ ውስጥ ደግሞ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ክብደታቸው ዝቅተኛ ሆኖ የተወለዱ ሕፃናት ቶሎ የእናት ደረት ላይ ገላ ለገላ ሲታቀፉ የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳዩ። ይህ ለጉዲፈቻ እናትም፣ ለአባትም ደረት ይሠራል። ቡካሬስት ውስጥ በ136 የማሳደጊያ ሕፃናት ላይ የተደረገው ረጅም ጥናትም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ከዘገዩት ይልቅ ትስስራቸውም አእምሯቸውም የተሻለ ማገገሙን አረጋግጧል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ከዚህ አንድ ነገር እንውሰድ፦ የበሽተኛ ልጅ ፋይል በየቢሮው ሲንከባለል የሚባክነው ወር አይመለስም።

የወለደችውን ሴት ማኅበረሰባችን እንዴት እንደሚይዛት አስቡ። ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይፈላል፣ እናቷ ከክፍለ ሀገር ትመጣለች፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀን እስኪሞላ ከቤት አትወጣም፣ ማንም ሥራ አያዛትም። የታመመ የስድስት ወር ልጅ በጉዲፈቻ የተቀበለችው ሴት ከወለደችው ያላነሰ ሌሊት ትነሣለች። ገንፎ ይዞ የሚመጣላት የለም። የሚመጣው “የማን ልጅ ነው? ምን ሆኖ ነው?” የሚል ጠያቂ ነው። አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ማርያም ሲመለሱ በረሃብ ከተጎዱ ወገኖች መካከል ሕፃናት ወደ ቤታቸው ባመጡ ጊዜ የገጠማቸው ተቃውሞ ከትዳራቸው እስከመለየት አድርሷቸዋል። ዛሬ ሁላችንም በስማቸው እንኮራለን። ያኔ ግን ብቻቸውን ነበሩ።

ሕጉም ከማኅበረሰቡ አልተሻለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 88 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ የሚናገረው ግን ስለ ነፍሰ ጡርና ስለወለደች ሠራተኛ ነው። ልጅ የተረከበች ሴት ሰኞ ጠዋት ቢሮ ግቢ ትባላለች፤ ካልሆነ የዓመት ፈቃዷን ትጨርሳለች። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የሥራ ሕጓን አሻሽላ ልጅ ለሚረከብ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የአንድ ወር ፈቃድ ሰጥታለች። ደቡብ አፍሪካም ልጅ በጉዲፈቻ ለሚወስድ ሰው ፈቃድ ትሰጣለች። እኛ የውጭውን በር ስንዘጋ “ልጆቻችንን እኛው እናሳድጋለን” ብለናል። ቃሉን የሰጠው መንግሥት ቢያንስ ሦስት ወር ፈቃድ፣ የልጁን ሕክምና በነፃና እውነተኛውን የጤና ታሪኩን በጽሑፍ ለአሳዳጊዎቹ መስጠት አለበት። የመጨረሻው በጀት እንኳ አይጠይቅም፤ ልጁን የሚያስረክበው ማሳደጊያ የክትባት ካርዱን፣ የክብደት ሰንጠረዡንና የምርመራ ውጤቱን ሳያሟላ ፋይሉ ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ ማድረግ ይበቃል።

አዋጁ እስኪሻሻል ፒያሳ ያለ ጎረቤት መጠበቅ የለበትም። ልጁን ለማየት የሚመጣ ሰው ሳያቅፈው ይመለስ፤ የተለካውን ወተት አይጨምርበት፤ አባትና እናቱ በሰዎች ፊት ሊያስረዱት የማይፈልጉትን በሽታ አይጠይቅ። ገንፎውን ግን ይዞ ይምጣ። ሪፈራል ወይም አዳሬ ሆስፒታል የቀጠሮ ቀን ሲደርስ ሌሎቹን ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀበል። ዕድሩም ለወለደች እናት የሚያደርገውን ለእሷም ያድርግ፤ ለዚህ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።