ረጅም መንገድ ለመሮጥ የልብ ፈቃድ ከየት ይገኛል?

ሰው በሹመት ከፍ እያለ በሄደ መጠን ከወንበሩ ጋር ያለው ወዳጅነት እየጠበቀ፥ ከእግሩ ጋር ያለው እየላላ ይሄዳል። ጧት በመኪና ወደ መሥሪያ ቤት፥ ማታም በመኪና ወደ ቤት ይመለሳል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ በጠረጴዛ ፊት ያልቃል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታም እንዲህ ያለውን ኑሮ ይወዱታል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ዳሩ ግን ማወቅ ብቻውን እግርን አያንቀሳቅስም።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፥ ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ይህ ነገር በጉልህ ይታያል። ሰፈሩ የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶችና የልዩ ልዩ አገሮች ኤምባሲዎች የሚገኙበት ስለ ሆነ፥ አብዛኛው ሠራተኛ ቀኑን ተቀምጦ ይውላል። ነገር ግን ከአጠገቡ ስፋቱ 1,000 ሄክታር ያህል የሚሆን የካሩራ ደን አለ፤ በውስጡም ፏፏቴ፥ ዋሻዎች፥ ለእግረኛና ለሯጭ የሚመቹ መንገዶች ይገኛሉ።

ይህ ደን ያለ ድካም የተገኘ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ገደማ መሬቱ ለቤት ሠሪዎች መከፋፈል ጀምሮ ነበር። ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው ተቃወሙ፤ በ1991 ዓ.ም. ችግኝ ለመትከል በሄዱ ጊዜ ተደብድበው ቆሰሉ፤ ሆኖም ሐሳባቸውን አልተዉም። በ1997 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ በካሩራ ጥላ ሥር የሚሮጥ ሰው ሌሎች በደማቸው ባቆዩለት መንገድ ላይ መሆኑን ቢያስብ፥ ከአልጋው ለመነሣት አንድ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከአገራችን ጀግና ከአበበ ቢቂላ ይገኛል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1929 ዓ.ም. ከአገራችን ተወስዶ የነበረው የአክሱም ሐውልት ያን ጊዜ በሩጫው መንገድ አጠገብ ቆሞ ነበር። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን አስቀድመው መንገዱን ሲመለከቱ ሐውልቱን ምልክት አድርገውት ነበርና፥ አበበ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት ሄደ። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመለሰ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ረጅም መንገድ በአንድ ጊዜ ሲታይ እንደሚያስፈራ፥ በምልክት ተከፋፍሎ ሲታይ ግን እንደሚቀል ነው። በካሩራ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እስከ አንድ ትልቅ ዛፍ፥ በሚቀጥለው እስከ ወንዙ፥ ከዚያም እስከ ፏፏቴው ብሎ ይወስን። ሲደክመው በእግሩ ቢራመድ ነውር የለበትም።

ሦስተኛው ነገር ትዕግሥት ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ ከቆላ አገር የመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹ ቶሎ ያጥረዋል። ስለዚህ ከባልንጀራው ጋር ለመነጋገር በሚያስችለው ፍጥነት ይሩጥ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሌላው ቀን ረዘም ያለ መንገድ ይሂድ፤ ርቀቱንም በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር። ኬንያውያን «ፖሌ ፖሌ» የሚሉት፥ እኛም «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ይህንኑ ነው። ዕድሜው የገፋ ወይም ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

አራተኛው ባልንጀራ ነው። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ዝናብ ባካፋ ቁጥር ሰበብ ያገኛል፤ በቀጠሮ የሚጠብቀው ወዳጅ ያለው ግን ያፍራል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ቤተ ሰብ ነው። ባልና ሚስት እሑድ ከጸሎት በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደኑ ቢወጡ፥ ልጆቹ እየሮጡ፥ ወላጆች እየተከተሉ፥ ሁሉም ጤና ያገኛሉ። አባቱ ሲሮጥ ያየ ልጅም ሩጫን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ቤቱ ልማድ ይቆጥረዋል።

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነበር። ከእኛ የሚጠየቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገ ጧት ጫማን አስሮ እስከ መጀመሪያው ዛፍ መድረስ።