ፀሐይን በማኅበር

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። የመብራት ሂሳቡ በየወሩ ይመጣል፤ በፀሐይ ኃይል እንጠቀም ብንል ግን ጣሪያው የእኛ አይደለም። ታዲያ ፀሐይ ለባለቤት ብቻ ናት?

የሚኒሶታ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ሕግ ለዚህ መላ አለው። ብዙ ሰዎች ከአንድ የጋራ የፀሐይ ጣቢያ ድርሻ ይይዛሉ። ጣቢያው ያመነጨው ኃይል ወደ ኤክሰል ኢነርጂ መስመር ይገባና በድርሻቸው ልክ ከመብራት ሂሳባቸው ይቀነስላቸዋል። እነሱም ለጣቢያው የድርሻቸውን ይከፍላሉ። ትርፉ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በሰሜን ሚኒያፖሊስ ሺሎ ቴምፕል በተባለው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በ2018 ከ200 ኪሎዋት በላይ የሚያመነጭ ጣቢያ ተተክሏል። ተጠቃሚዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ፣ ጎረቤቱ መስጊድ አን-ኑር እና ከ20 በላይ የሰፈሩ አባወራዎች ናቸው። የሠራው ኮኦፐሬቲቭ ኢነርጂ ፊውቸርስ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፤ እያንዳንዱም አንድ ድምፅ አለው። በእድርና በእቁብ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የዓባይን ግድብም ቦንድ እየገዛን ያገዝነው፣ በመስከረም 2025 ሲመረቅም የተደሰትነው በዚሁ መንፈስ ነው።

ከሰል ዘመኑ እያለፈ ነው። በቤከር ከተማ ካለው ትልቁ የሸርኮ ጣቢያ አንዱ ክፍል በ2023 መጨረሻ ተዘግቷል፤ የቀሩት እስከ 2030 እንዲዘጉ ታቅዷል። በዚያው ዓመት የወጣው የክልሉ ሕግ መብራት ሰጪ ድርጅቶች በ2040 ሙሉ በሙሉ ከካርቦን ነፃ የሆነ ኃይል እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የሚቀረው ጥያቄ አዲሱ ኃይል የማን ይሆናል የሚለው ነው።

ምክንያቱም «የጋራ ፀሐይ» የተባለ ሁሉ የአባላቱ ንብረት አይደለም። ብዙዎቹ የኩባንያ ናቸው፤ ደንበኛው ቅናሽ እንጂ ድምፅ የለውም። ስለዚህ በር አንኳኩቶ ለሚመጣ ሻጭ ከመፈረም በፊት ጠይቁ፦ ባለቤቱ ማነው? ውሉ ስንት ዓመት ነው? ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል? ቤት ብቀይርስ? ማቋረጫ ቅጣት አለው? የመብራት ሂሳቡ በስማችሁ ካልሆነና ከኪራዩ ጋር የሚከፈል ከሆነ ቅናሹ የሚገባበት ሂሳብ እንደሌላችሁም አስቡ።

ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ ሌላ በር ተከፍቷል። በ2023 የተሻሻለው ሕግ አዳዲስ ጣቢያዎች ቢያንስ 30 በመቶውን ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው እንዲመድቡ ያዛል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የራሳቸው ሕንፃ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ማኅበራት በሚቀጥለው ስብሰባቸው ስለ ጣሪያቸው ቢነጋገሩ መልካም ነው።