ይህን ወደድሁ፤ ያንን ጠላሁ

ሰው ጠላ ቀምሶ «ይኸ ደኅና ነው፤ ያኛው ቅራሪ ነው» ይላል። ገበያ ወጥቶ በሬ ያይና «ይኸኛው ለእርሻ ይሆናል፤ ያኛው ግን ይተኛል» ይላል። ይህን ለመናገር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጠላውን የሚጠጣው፣ በሬውንም የሚያርስበት እርሱ ነውና።

መጽሐፍ ሲያነብስ? እዚህ ላይ ብዙው አዲስ አንባቢ ያፍራል። መጽሐፉ ቢሰለቸው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። «እኔ ምን አውቄ!» ይላል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንወቀው። ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው ታሪክ ማለት ነው። ደራሲው ሰዎቹንና ሥራቸውን በሐሳቡ ይፈጥራቸዋል። ታሪኩ በእውነት ያልተደረገ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተደረገ መስሎ ካልታየ አንባቢውን አይዘውም። ተረት የልብ ወለድ ታላቅ ወንድም ነው። ስለዚህ ምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ሲባል ያደገ ሰው ሁሉ ልብ ወለድ እንግዳ አይሆንበትም።

ከድልድዩ በላይ ባለች መንደር

በአንድ ክረምት እኛ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሞጣ ወደ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ባለች መንደር የማታ ትምህርት እናስተምር ነበር። ከመንደሪቱ ወደ ታች ሲወርዱ አሮጌው የዓባይ ድልድይ ይገኛል። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ። የጎጃምና የጎንደር ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. የፈረሰው መሐል በብረት ተጠግኖ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው። በኋላ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ይህን ድልድይ ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከተማሪዎቻችን መካከል ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ አባት ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወጣት ነበሩ። ያን ጊዜ ፊደል ቆጥረዋል፤ የምስክር ወረቀትም አግኝተዋል። ከዚያ በኋላ ግን የሚነበብ ነገር ቤታቸው አልገባም። ፊደሉም ቀስ በቀስ ጠፋባቸው። «ማረሻ ካላረሱበት ይዝጋል፤ እኔም ዛግሁ» አሉን። ሁለተኛ ጊዜ ሊማሩ የመጡት በስተርጅና ነው።

ጥፋታችን

እኛ ከከተማ ስንመጣ መጻሕፍት ይዘን ነበር። የመረጥናቸው እኛው ነን። አብዛኞቹ ስለ ጤና፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ መልካም ጠባይ የሚናገሩ ናቸው። «ለገበሬ የሚጠቅመው ይኸ ነው» ብለን ነበር። መጻሕፍቱ ክፉ አልነበሩም። ነገር ግን ማታ ማታ ሲነበቡ ግማሹ ሰው ያንቀላፋ ነበር።

አንድ ማታ እኚህ አባት ከብብታቸው ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አወጡ። ሞጣ ካለ ዘመዳቸው የተዋሱት ነው። የወንጀል ታሪክ ነበር። ሌባና መርማሪ ይሯሯጡበታል። በጣታቸው እየተከተሉ አሥራ አንድ ገጽ አንብበው ነበር። ደስ ብሏቸው ሊያሳዩን ነው ያመጡት።

እኛም «አባባ፣ ይኸ ተራ መጽሐፍ ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመውን እኛ እንሰጥዎታለን» አልናቸው።

ዝም ብለው መጽሐፉን መልሰው ብብታቸው ከተቱት። በማግሥቱ አልመጡም። በሠልስቱም፣ በአራተኛው ቀንም አልመጡም።

በጭቃው ወርደን ቤታቸው ሄድን። ጅራፍ ሲገምዱ አገኘናቸው። በደኅና ተቀበሉን፤ ቆሎም አቀረቡልን። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማንበብ የተማርነው እናንተ የምትወዱትን ለማንበብ ነው? እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ሌላ ሰው አንብቦ የነገረኝን ስሰማ ኖርሁ። አሁን ዓይኔ ተከፈተ ብዬ ሳበቃ፣ ምን እንደማይ ደግሞ ሌላ ሰው ሊነግረኝ ነው?»

መልስ አልነበረንም። አፈርን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። «እንግዲያው ነገ ማታ መጽሐፉን ይዘው ይምጡና ያንብቡልን» አልን። መጡ። አንድም ሰው አላንቀላፋም።

ይህን ስንጽፍ የጤና መጽሐፍ አይነበብ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ያነበበውን የወደደ ሰው ነገም ያነባል። ነገም የሚያነብ ሰው ፊደሉ አይዝግበትም። የወንጀልና የስለላ ታሪክም ቢሆን በአገራችን ብዙ አንባቢ ያፈራ ነው። ማሞ ውድነህ እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ጽፎም ተርጉሞም ለብዙ ሰው አድርሷል።

የወደዱት

ከዚያ ወዲያ ሕግ አወጣን። ማንም ሰው «ወደድሁ» ወይም «ጠላሁ» ማለት ይችላል። ነገር ግን «ለምን?» ሲባል ምክንያቱን ይናገራል።

በጣም የተወደደው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው። ጣሊያንን ተዋግተው ተማርከዋል፤ ጣሊያን አገርም ለዓመታት ታስረዋል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ከአምስት መቶ ገጽ በላይ አለው። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. ቢያርፉም መጽሐፋቸው ዛሬም ይነበባል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው ያልተማረው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ድምፁ እስከ ዛሬ በየስልኩ ይሰማል።

ለምን ወደዱት? አንደኛ፣ አገራቸው ስለሆነ። ከብቸና አካባቢ ተድራ የመጣች አንዲት ተማሪ «ዲማ» የሚለውን ቃል ራሷ አንብባ ብድግ አለች። «እንዴ! ይኸ የኛው ዲማ ጊዮርጊስ አይደለም? በሚያዝያ ለንግሥ ሄጄበታለሁ እኮ!» አለች። የገዛ አገሯ ስም በመጽሐፍ ላይ ይገኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የተዋደዱት በትምህርት ምክንያት ነው። እርሱ አስተማሪ፣ እርሷ ተማሪ ነበሩ። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ባሎቻቸው ግን ወደ እኛ ወደ አስተማሪዎቹ ዘወር ብለው አዩን!

ሦስተኛ፣ ገበሬው በታሪኩ ውስጥ ሰው ሆኖ ይገኛል። ጭሰኞቹ የተጣለባቸውን አንሰጥም ብለው ሲነሡ፣ መሪያቸው አበጀ በለው ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር ይጋጠማል። ይህ ሲነበብ ወንዶቹ እንደ ፉከራ ያደርጋቸው ነበር።

«ጦቢያ» የሚለውም ተወዷል። የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። የተወለዱት በጣና ዳር፣ በዘጌ ነው። መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይቆጠራል። በዚያ ታሪክ ጦቢያ የተባለችው ልጅ እንደ ወንድ ለብሳ ትጓዛለች። ሰብለ ወንጌልም በኋላ መነኩሴ መስላ መንገድ ትወጣለች። አንዲት እናት «ሴት ልጅ አገር ለማየት የግድ ወንድ መምሰል ኖሮባታል?» ብለው ጠየቁ። ያን ማታ በዚህ ነገር ስንከራከር መሸብን።

የጠሉት

የጠሉትንም ደበቅ አላደረጉም።

ደራሲው ታሪኩን አቁሞ ምክር ሲያበዛ አይወዱም። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ይላሉ። ከታሪኩ ራሱ ምክሩን ማውጣት እንችላለን ባዮች ናቸው።

ደራሲው የማያውቀውን ሲጽፍም አይምሩም። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ገበሬው በሰኔ ጤፍ ያጭዳል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ አገር ጤፍ በሐምሌ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብበነው ነበር። ስሕተቱን አላየንም። ያዩት ፊደል ከቆጠሩ ሁለት ወር ያልሞላቸው ሰዎች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የጠሉት ግን መሐሉ የጎደለ ታሪክ ነው። በአንድ መጽሐፍ ክፉው ሰው ያለ ምንም ምክንያት ባንድ ሌሊት ደግ ሆነ። እኚያ አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸ ሰባራ ድልድይ ነው» አሉ። «ወዲህ ማዶም፣ ወዲያ ማዶም ደኅና ነው። መሐሉ የለም። በምን ልሻገር?» እኛ ስለ ልብ ወለድ በትምህርት ቤት ብዙ ሰምተናል። ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር ግን አልሰማንም።

የሁሉም አፍ አንድ አይደለም

ሁሉም ሰው አንድ ነገር አይወድም። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ነው። የቢሮ ሥራ ይዞ ሳለ ሥዕል ለመሳል ስለሚመኝ አንድ የተማረ ሰው ይናገራል። አዲስ አበባ በቀን ሥራ የቆየ አንድ ወጣት ይህን መጽሐፍ አልለቅም አለ። እኚያ አባት ደግሞ «ደመወዝ እያለው ምን ያስጨንቀዋል?» ብለው ተዉት። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወጣቱ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን አገኘ፤ እርሳቸው አላገኙም።

በተወደደው መጽሐፍም ቢሆን ክርክር ነበር። የበዛብህ እናት ልጃቸው በሕይወት እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። አንዱ ገበሬ «የተሳሉት እርሳቸው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ። ይኸ ፍርድ ነው?» አለ። አንዲት ሁለት ልጅ የሞተባቸው እናት ግን ቀስ ብለው መለሱለት፦ «አንተ አልቀበርህም። እኔ ብሆንም እሳል ነበር።» ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እኛም መጽሐፉን አጥፈን መብራቱን አጠፋን።

መጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ያን ማታ አየን። ሹማምንትም ይህን ያውቁ ነበር። ጎጃም የተወለደው አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ በንጉሡ ዘመን ታግዶበታል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ሰው እንዳያነብ የሚከለከለው፣ ማንበብ ኃይል ቢኖረው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢዎቻችን፤ ልብ ወለድ ስታነቡ እነዚህን ነገሮች አስታውሱ።

መጽሐፉ ቢሰለቻችሁ አታፍሩ። አሥር፣ ሃያ ገጽ ሞክሩት። እምቢ ካላችሁ አስቀምጡና ሌላ አንሡ። ከዓመት በኋላ ያው መጽሐፍ ሊጣፍጣችሁ ይችላል።

«ወደድሁ» ወይም «ጠላሁ» ስትሉ ምክንያቱን ጨምሩ። ምክንያቱን ስትፈልጉ መጽሐፉን ሁለተኛ ታነቡታላችሁ።

ብቻችሁን አታንብቡ። ለቤተ ሰብ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ያነበባችሁትን ለጎረቤት አውሱ፤ የእርሱን ተዋሱ።

የእናንተን ኑሮ የሚጽፍ ደራሲ ሲሳሳት «ተሳስቷል» በሉ። እርሻውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ክረምቱ ሲያልቅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገና አጋምሰነው ነበር። መጽሐፉን ትተንላቸው ሄድን። በታኅሣሥ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ጽሕፈቱ ትልልቅ ነው፤ መስመሩም ይወላገዳል። የጻፉት እኚያ አባት ናቸው፤ በገዛ እጃቸው። እንዲህ ይላል፦

«መጽሐፉን ጨረስነው። በየተራ ነው ያነበብነው። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ መጨረሻውን ጠላሁት። ምክንያቱን ስትመጡ እነግራችኋለሁ። ሌላ መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ። ምርጫውን ግን ለኛ ተዉት።»

ለመወያያ

1. በቅርቡ ካነበባችሁት ወይም ከሰማችሁት ታሪክ የወደዳችሁት የትኛው ነው? ለምን?

2. «ሰባራ ድልድይ» የሆነ ታሪክ ታውቃላችሁ? መሐሉ የጎደለው ምንድን ነው?

3. ስለ በዛብህ እናት ስለት የተናገሩት ገበሬውና እናቲቱ ናቸው። ከሁለቱ የማንኛቸው ሐሳብ ትክክል ይመስላችኋል? በአምስት መስመር ጻፉ።